ገመድ ሲያስር ሰላምታ የማይመልስ ሰው

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ሌባ ተብዬ ልያዝ ነበር። ድንች የጫነች ፒክአፕ ዳር ይዛ ቆማለች። በአጠገቧ ሳልፍ እጄ ሳላዘው ሄዶ ገመዷን ነካ። ላልቷል። ሳብ ሳደርገው ተከተለኝ። ሾፌሩ ከሻይ ቤት ተንደርድሮ ወጣና "አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?" አለኝ። ገመዱ መላላቱን ነገርኩት። እርስዎን ምን አገባዎት አለ።

እውነቱን ነው፤ ከሁለት ወር ወዲህ ምንም አያገባኝም። መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ዓይኔ ሲመረመር፣ ከሰሌዳው መሃል በታች ያሉትን ፊደሎች መገመት ጀመርኩ። የምትመረምረኝ ልጅ ደግ ናት፤ ተረጋግተው እንደገና ይሞክሩ አለችኝ። እኔ ደግሞ በግምት መንዳት ድሮም አልወድም፤ አመስግኜ ተነስቼ ወጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ የፒክአፕ ሥራዬ እዚያች ወንበር ላይ አበቃ።

ያ ሾፌር ገመዱን አጥብቆ ይሂድ አይሂድ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀርቦልኝ እህሉ አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ "አሁንም እየነዳህ ነው?" አለችኝ። ሳስበው እውነቷን ነው። ስለዚህ ሆዴ ውስጥ ያለውን ጭነት ባራግፈው ይሻላል ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ከሰሜን በመንግሥት ሾፌርነት ተመድበው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ጡረታ ወጥተው፣ እጃቸው ከመሪ አልላቀቅ ስላለ ለአንድ እህል ነጋዴ ፒክአፕ ይነዱ ነበር። እኔ ያኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ እንጂ መኪና የለኝም። ነጋዴው ሁለተኛ ፒክአፕ ለመግዛት ሲያስቡ፣ ስድስት ወር ከጋሽ በላቸው ጎን ተቀምጬ እንድማር አደረጉ። ደመወዙን እዚህ ላይ አላነሳም፤ ቢነሳም ቶሎ ያልቃል።

ነጋዴው የሚወዷት ቃል "ትችላለች" የምትለዋን ነበር። ከአንጋጫ ድንች፣ ከሾኔ ገበያ በቆሎ ስንጭን፣ ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ቅስት ብረት፣ ባሌስትራው፣ ከክብደቱ የተነሳ ተዘርግቶ ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ሊነካ ሲደርስ፣ አንድ ኩንታል ጨምሩ፣ ትችላለች ይላሉ። ጋሽ በላቸው የተጨመረውን ኩንታል ራሳቸው አውርደው መሬት ያስቀምጡትና "መሸከሙንስ ትችላለች። ማቆም ትችላለች ወይ?" ይላሉ። ነጋዴው ይቆጣሉ፤ ጋሽ በላቸው ቁልፉን አውጥተው ኩንታሉ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁልጊዜም ቁልፉን አንስተው የሚመልሱላቸው ነጋዴው ነበሩ።

ይህን ነገር በጆሮዬ ብሰማውም የገባኝ ግን ከዱራሜ ወደ ሺንሺቾ ሲሚንቶ ጭነን ስንሄድ ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን ፍሬን ላይ እግሬን አሳርፌ እወርዳለሁ፤ ቀስ ብዬ ስለምሄድ የተጠነቀቅኩ መስሎኛል። መሃል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑን ስረግጠው ጭቃ የረገጥኩ ያህል ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ያው ነው። ከፊታችን ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ። ጋሽ በላቸው ድምፃቸውን ሳይለውጡ ሁለተኛ አስገባ አሉኝ። አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተያዘች። አንደኛ አሉ። ሴቶቹ ወደ ቦዩ ሲዘሉ በመካከላቸው አልፈን፣ ወዲያኛው ዳገት ላይ ቆምን። አውርደው ጎማው አጠገብ እጄን አስጠጉኝና የብረቱን ትኩሳት አሳዩኝ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ለመጨረሻዋ ደቂቃ የተቀመጠ ነው አሉ። የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገሩኝም።

ብዙ ልማድ ነበራቸው። ከባዱን ነገር ሁልጊዜ ወደ ጋቢናው አስጠግተው ነው የሚጭኑት፤ ክብደቱ ከኋላው ጎማ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ የፊቱ ይቀልና መሪው እጅ ላይ ይዋኛል። ጭነው ሲጨርሱ ትከሻቸውን አስደግፈው በሙሉ ጉልበታቸው ይገፉታል። "እኔ ሽማግሌው ካነቃነቅኩት መንገዱ ይጥለዋል" ይሉ ነበር። ተነስተው ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ይቆማሉ፤ ጭነት መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ያኔ ገመድ ይላላል። ይወርዱና በመዳፋቸው እያንዳንዱን ገመድ ይጫኑታል። ይህን ገመዱን መጠየቅ ነው የሚሉት። ዝም ካለህ ሂድ፣ ከመለሰልህ ፍታና እንደገና እሰር።

አሁን ወደ ነውራቸው ልምጣ። ጋሽ በላቸው ገመድ ሲያስሩ ሰላምታ አይመልሱም ነበር።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ። ሰላምታ ስንል እጅ ይዘን፣ የልጁን፣ የሚስቱን፣ የከብቱን፣ የእንሰቱን ደኅንነት በሀዲይሳ ጠይቀን፣ አማርኛ ተናጋሪ ካለ ደግሞ በአማርኛ ደግመን ነው። እጅ ተዘርግቶልህ አለመጨበጥ ከስድብ አይተናነስም። ጋሽ በላቸው ግን መጋቢ ይምጣ፣ የወረዳ ሹም ይምጣ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቋጠሯቸውን ይቋጥራሉ። ከጨረሱ በኋላ ዞረው እጃቸውን ጠርገው እንደ አዲስ ደህና ዋላችሁ ይላሉ። ያኔ ግማሹ ሰው ተቀይሞ ሄዷል። "ይሉኝታ ቢስ" ነበር ስማቸው። እኔ በኋላ በኋላ እየዞርኩ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል እያልኩ ይቅርታ እጠይቅላቸው ነበር። ጆሯቸው እንኳ ከእኔ ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው። "እጅ ሁለት ነው" አሉኝ። "አንዱን ለሰው ከሰጠኸው፣ ጭነቱ በአንድ እጅ ነው የታሰረው።" እሳቸው እንግዳ ስለሆኑ ነው፣ የአገሩ ሰው ቢሆኑ አያደርጉትም ብዬ በልቤ አለፍኩት።

ዓመታት አለፉ። ነጋዴው ሥራቸውን ሲተዉ ፒክአፗን በክፍያ ወሰድኳት። ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ የቡና ጆንያ፣ የትምህርት ቤት ወንበር፣ ሁሉንም ጫንኩ። በጠባዬ የተወደድኩ ነበርኩ፤ ማቴዎስ ጨዋ ነው ይሉኛል። ጋሽ በላቸውን የሚሸሽ ሁሉ እኔን ይፈልጋል። ይህ በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አቶ ሃንዲሶ የመጡት በዚያ ዝናዬ ነው። ከሀቢቾ ወዲያ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ቀበሌ ሽማግሌ ናቸው። የቀበሌው ሴቶች እህል ተሸክመው እስከ ሀቢቾ ለማስፈጨት የሚሄዱበትን መንገድ ለማሳጠር፣ ሰፈሩ ተባብሮ የናፍጣ ሞተር ያለው ወፍጮ ገዛ። እኔ እንዳደርሰው ተስማማን። ከእሳቸው ጋር የጸሎት ቤታቸው አገልጋይ የሆኑ ሌላ አዛውንትና የአቶ ሃንዲሶ ልጅ ታምራት መጡ። ታምራት ያኔ መምህር ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ለዚህ ወፍጮ ሲል ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዷል።

ሞተሩ ከባድ ብቻ ሳይሆን ቁመታም ነው፤ አናቱ ጭነት ከሚቀመጥበት ከካሶኒው ግድግዳ፣ ከስፖንዳው፣ በላይ ይታያል። እግሩን በሁለት ሰንሰለት አሰርኩት። አናቱን በናይለን ገመድ ከቀኝም ከግራም ወጥሬ ልይዝ ስል አቶ ሃንዲሶ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ የቃጫ ገመድ አውርደው ሰጡኝ። ከገዛ እንሰታቸው ቃጫውን ፍቀው፣ በገዛ እጃቸው የገመዱት ነው። እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ ያማረ ሥራ ነበር። "ለዚህ ወፍጮ ብዬ ነው የገመድኩት፤ የሱቁ ገመድ ያንሸራትታል" አሉኝ። ሆሳዕና ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ስለነበር ገመዱ ረጥቦ ነበር።

የቃጫ ገመድ ጠባዩን አውቃለሁ። እኛ አገር ቤት የሚማገረው፣ በሬ የሚታሰረው በእሱ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይጠብቃል፣ ፀሐይ ሲያየው ይላላል። ብረት ለማሰርና ከደጋ ወደ ቆላ ለመውረድ እንደማይሆን ጋሽ በላቸው ነግረውኛል፤ ባይነግሩኝም የገበሬ ልጅ ነኝ። ግን እንዴት ብዬ እንቢ ልበል? ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ይዘው ዘርግተውልኛል። ናይለኑን ከላይ ልደርብበት አሰብኩ፤ እሱም ያንተን አላመንኩትም ማለት ነው። ተቀብዬ በቃጫው አሰርኩት። በትከሻዬ ስገፋው ንቅንቅ አላለም። እርጥብ ስለሆነ የክራር ክር መስሎ ተወጥሯል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ ጋቢና ነው። ሁለቱ አዛውንት ከእኔ ጋር ገቡ፤ ሞላ። ታምራት እኔ ከኋላ ሆኜ እይዘዋለሁ አለና ዘሎ ወጣ። በሞተሩና በግራው ስፖንዳ መካከል፣ ጀርባውን ለጋቢናው ሰጥቶ ተቀመጠ። ከጭነት ጋር ሰው አይወጣም። ይህን ለማለት ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱን ማስወረድ ሊኖርብኝ ነው። ምን ይሉኛል አልኩ። ተነሳን።

ሀቢቾ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የሰፈሩ ሰው ወፍጮውን ሊቀበል ወጥቶ መንገድ ላይ በመዝሙር ጠበቀን። እኔ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ገመዱን ለመጠየቅ ነበር የቆምኩት፤ እነሱ ግን ለእነሱ የቆምኩ መሰላቸው። ወርጄ ዞርኩ፣ ቀኝ እጄን ወደ ገመዱ ዘረጋሁ።

ያ የተዘረጋ እጅ ገመዱ ጋ አልደረሰም። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አየር ላይ ያዙት። በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንዴት ነህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ አድርሰህልናልና ተባረክ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም እየጎነበስኩ እመልሳለሁ። ከእሳቸው እጅ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሌላው ተሻገርኩ። ሁሉም ጨብጠውኝ ሲያበቁ አቶ ሃንዲሶ ከጋቢና ውስጥ ሰው ይጠብቀናል እንሂድ አሉ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የነበረውን ገመድ ሳልነካው ገብቼ ሞተር አስነሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩት። ሙቀቱ በመስታወቱ ይገባል፤ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። አንድ ጠመዝማዛ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ብረት ከብረት ሲነካካ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ነበረች። ሰንሰለቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ መኪናዋ ወደ ግራ ተጎተተች፤ በመስታወት ሳይ የሞተሩ አናት ከቦታው የለም። ከዚያ ታምራት ጮኸ።

አቶ ሃንዲሶ ክንዴን ያዙኝና "አቁም!" አሉኝ። እግሬ በሙሉ ፍሬኑን ልርገጥ ይላል። ብረግጠው ያ ሁሉ ብረት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ፊት ያለው ደግሞ ጋቢናውን የተደገፈው የታምራት ደረት ነው። አንደኛ አስገባሁ። ፍሬኑን በጣቴ ጫፍ ያህል ብቻ ነካሁት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሆናል የሄድነው። ሠላሳውን እርምጃ ልጁ ከኋላዬ እየጮኸ፣ አባቱ ክንዴን እየጎተቱ ለምን አታቆምም እያሉኝ ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም መንገድ አልነዳሁም። ስቆም ዘልዬ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረግኩ፤ ያንን እንኳ እጄ በልማድ ነው ያደረገው።

እግሩ በሞተሩና በስፖንዳው መካከል ነበር። የመንደሩ ወንዶች እየሮጡ ደርሰው በአጣና አነሱለት። ወፍጮውን መንገድ ዳር ጥለን ታምራትን ካሶኒው ላይ አስተኝተን ወደ ሆሳዕና ተመለስን። ልጁ ተረፈ፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

አንድ ነገር አልረሳም። ወፍጮውን ስናወርድ ገመዱ መሬት ላይ ወደቀ። አልተበጠሰም። ደርቆ፣ ረዝሞ፣ ተልፈስፍሶ ነበር። አቶ ሃንዲሶ ጎንበስ ብለው አነሱትና ጠቀለሉት። ፊታቸውን አላየሁም፤ ለማየትም አልደፈርኩም።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስታረቁን። ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁኝ መንገዱ ነው አልኩ። ትራፊክ ፖሊሱም እንደዚያው ጻፈ። አቶ ሃንዲሶ ተነስተው ልጄ በሕይወት አለ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው አቀፉኝ። ይሉኝታ አንድ ጊዜ ካስዋሸህ ደግሞ ያስዋሽሃል። አባት የልጁን እግር በገዛ ገመዱ አጣ ብዬ እንዴት ልናገር? በደንብ አላሰርኩም፣ ገመዱን አልጠየቅኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ደግሞ ገመዱ መነሳቱ አይቀርም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን ያንን ለመፍጨት ብዙ ዓመት ፈጀ፤ አልፈጨውምም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ በላቸው ዘንድ ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ክብደቱም ስለ ቁልቁለቱም አልጠየቁኝም። "እጅህ የት ነበር?" አሉኝ። ሰው ጨብጦት ነበር አልኳቸው። "ሰውዬው ጥፋት የለበትም" አሉ። "እጅህ ሥራ ላይ መሆኑን አላሳየኸውም።" አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። ገመድ ሳስር ጀርባዬን እሰጣለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ከጭነት ጋር የወጣውን ሁሉ አስወርዳለሁ። ጨዋው ማቴዎስ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሉኝታ ቢሱ ማቴዎስ ተባለ፤ ደንበኛም ቀነሰ። በሀቢቾ ያለው ቁልቁለት ግን አልወጣልኝም። ወደዚያ የሚሄድ ጭነት ሲመጣ መኪናዋ ጋራዥ ናት እላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ጋራዥ ነበረች።

መንጃ ፈቃዴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጠራ። ታምራት ነው። አሁን ርዕሰ መምህር ሆኗል። አባቱ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ ለመቃብራቸው ሐውልት አሠርቷል። ሆሳዕና ካለው ድንጋይ ጠራቢ አንስቼ እንዳደርስለት ጠየቀኝ። ሌላ ሾፌር አጣህ ወይ አልኩት። "አላጣሁም" አለ። ጋራዥ ናት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መቼ ነው አልኩት።

በቀጠሮው ቀን ካሶኒው ላይ አሮጌ ጎማ ዘርግቼ፣ ድንጋዩን አጋድሜ፣ ወደ ጋቢናው አስጠግቼ አስጫንኩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሐውልቱን ለማጀብ መጥተዋል። ሁለቱ ከድንጋዩ ጋር ሊወጡ ሲሉ ማንም አይወጣም አልኳቸው። አንደኛው ሟቹ ብቻቸውን ይሂዱ ነው ወይ አሉ። ይህ ድንጋይ ነው፣ እሳቸው አርፈዋል አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ሚኒባስ ተፈለገላቸውና ታምራት ከአንድ አዛውንት ጋር ጋቢና ገባ። ያንን ሰው ሠራሽ እግሩን በእጁ አንስቶ ሲያስገባ እያየሁ በሩን ዘጋሁለት።

መንገዱን ብዙ አላወራንም። ሀቢቾ ስንደርስ እንደዚያ ቀን ፀሐይ ነበር፤ እንደዚያ ቀንም ሰው ወጥቶ ይጠብቃል። ይህችን ቁልቁለት ሳልወርድ ልመለስ፣ ድንጋዩን እዚህ ላራግፍና ሌላ ሰው ያድርሰው ብዬ እስከ ማሰብ ደርሼ ነበር። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ዞርኩ፣ ሁለቱንም እጄን ገመዱ ላይ አሳረፍኩ።

አንድ ሽማግሌ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አልጨበጥኳቸውም። እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ሌሎቹ ከኋላቸው ተሰለፉ። እኔ ገመዱን እጫናለሁ፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛው ትንሽ መለሰልኝ፤ ላልቷል። መፍታት ጀመርኩ።

የጋቢናው በር ተከፈተ። ታምራት አንከስ አንከስ እያለ መጥቶ ሽማግሌዎቹን በሀዲይሳ እጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ጥቂት ቆዩ አላቸው። ከዚያ ወዲያኛው ጎን ዞሮ የገመዱን ጫፍ ያዘልኝ። ድንጋዩ በመካከላችን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ተናገረ።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ያን ቀን ገመዱ ሲላላ አይቼው ነበር።"

እጄ ቆመ።

"ከዚህ ተነስተን ብዙም ሳንሄድ ነው ያየሁት። ጋቢናውን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። አባዬ ይዘምራል። ያንተ ገመድ ላላ ብዬ በሰው ፊት ላሳፍረው? መለስኩት እጄን።"

አሥራ ስድስት ዓመት እኔ ብቻ የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር። "ለእሳቸው ነግረሃቸው ታውቃለህ?" አልኩት።

"አልነገርኩትም። እርስዎም አልነገሩትም።" ገመዱን ወደ እሱ ሳብ አደረገ። "ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባዬ አንድም ቀን ገመድ አልገመደም። ቃጫውን እየፋቀ ለሰው ይሰጥ ነበር።"

ዓይኔ ፊደል ማየት የተወው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ሳብ በል አልኩት፤ ሳበ። እኔም በዚህ በኩል ሳብኩ። ቋጠርኩት። በመዳፌ ተጫንኩት፤ ዝም አለ። ታምራትም በበኩሉ ተጫነውና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ዞርኩ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ አንድም ተቀይሞ የሄደ የለም። የፊተኛውን ሽማግሌ በሁለት እጄ ጨብጬ ልጆቻቸውን፣ ከብታቸውን፣ እንሰታቸውን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።